መፍቻ ይዞ የወጣ ዕለት

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፤

እማዬ፣ እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽስ ደረጃውን ሳያስለቅስሽ ያስወጣሻል? ዓይንሽስ ይህን ያያል ወይስ እንደ ወትሮው ለእህቴ ሰጥተሽ "ቀስ ብለሽ አንብቢልኝ" ትያለሽ? አባዬንስ ሳሉ ለቀቀው? እኛ ሁለታችንም በሕይወትና በጤና አለን። ይህን ያስቀደምኩት ከታች ያለው እንዳያስደነግጥሽ ነው።

ልጆችሽ ተኳርፈዋል ብለው እንደነገሩሽ ሰማሁ። ወሬ ሲሄድ እየወፈረ ነውና እኔው ራሴ ልንገርሽ። እውነት ነው፣ ያ ደረቅ ልጅሽ ካናገረኝ ሰነበተ።

እሱ በጨርቅ ማቅለሚያው ፋብሪካ ቦይለር ይጠብቃል፤ እኔ እዚያው ጥገና ክፍል የመለኪያ ዕቃ እጠግናለሁ። ቦይለር ውሃ አፍልቶ እንፋሎት የሚያወጣ ቤት የሚያህል የብረት ጋን ነው። ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ አናቱ ላይ ያለው ቫልቭ ራሱ ተከፍቶ ያስተነፍሰዋል። ባያስተነፍሰው የሚሆነውን አልጽፍልሽም።

ግፊቱ ስንት እንደደረሰ በቁጥር የሚያሳይ ስክሪን አለ። የግፊቱን ልክ ይዞ ከቦይለሩ የሚመጣው ኤሌክትሪክ አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ ስለሚል፣ ወደ ቁጥር ከመቀየሩ በፊት አንድ ዕቃ ለቅጽበት ቀጨም አድርጎ ይይዘዋል። ፎቶ ቤት ልጅ ይዘሽ ስትሄጂ "ቀጥ በል፣ እንዳትነቃነቅ" እንደሚባለው ማለት ነው። የያዘውን የሚያኖረው የምስር ፍሬ በምታህል ካፓሲተር ውስጥ ነው። እሷ ካዛባችው ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ቁጥር ሁሉ ውሸት ነው።

ይህ ሁሉ የተሰካበት ቦርድ ተበላሽቶ ባልደረባዬ ጠገነው። እሱን "ችግር የለም" ብለን ነው የምንጠራው፤ ጣራው ቢደረመስበትም ከዚህ ሌላ ቃል አይወጣውም። ከዚያ ወዲህ ስክሪኑ ግፊቱ ገና ነው እያለ ቫልቩ ፊሽ ማለት አበዛ። ስክሪኑ ገና መጠገኑ፣ ቫልቩ አሮጌ፤ ጥፋቱ በማን ላይ እንደተላከከ ገምቺ። ኃላፊው ቫልቩ ላልቷልና ቶሎ እንዳይከፈት ይጥበቅ ብሎ አዘዘ። የሚያጠብቀው ማን ነው? ያንቺው ልጅ።

ነገሩ ከነከነኝ። ቦይለሩ ለጽዳት የቆመ ዕለት ቦርዱን አምጥቼ የግፊቱን ሽቦ ብቻውን ፈተሽኩ። ልክ ነበር። ደጋገምኩት፣ ልክ ነው። ኃላፊው "ይኸው፣ አንቺ ደግሞ ነገር ታበዣለሽ" አለኝ። ቦርዱን መልሼ ገጠምኩት።

በማግስቱ እሳቱ ተለኩሶ እያለ እንዲያው ለነገሩ ያህል ያንን "ችግር የለም" የምንለውን ካፓሲተሯን ከየት እንዳመጣት ጠየቅሁት። "ከአሮጌ ራዲዮ ነቀልኳት፣ የተጻፈባት ቁጥር ከበፊቷ ጋር አንድ ነው፣ ችግር የለም" አለኝ። ወይኔ እማዬ! ቁጥሩ አንድ ቢሆንም የተሠራችበት ነገር ይለያያል። አንዳንዷ ጋዝ የነበረበት ጠርሙስ ናት፤ አጥበሽ ውሃ ብትሞይበትም የፊተኛው ሽታ አይለቃትም። ቦርዱ ደግሞ የሚያነበው በተራ ነው፤ መጀመሪያ ወደ ቦይለሩ የሚገባውን የቀዝቃዛ ውሃ ሙቀት፣ ቀጥሎ ግፊቱን። እሷ ውስጥ የቀረው የቀዝቃዛው ውሃ ትራፊ የግፊቱን ቁጥር ወደ ታች ይጎትተዋል ማለት ነው። እኔ ብቻውን ስፈትሸው ከፊቱ ምን ነበርና ይጎትተው?

ሮጥኩ። ቦይለር ቤት ስደርስ ወንድሜ ቫልቩን ሊያጠብቅ መፍቻውን ይዞ መሰላሉ ላይ ወጥቷል። ስክሪኑን ግፊቱን ብቻ እንዲያነብ ባደርገው ቁጥሩ ዘሎ ከተፈቀደው ልክ አለፈ። ቫልቩ እውነቱን ነበር የሚናገረው። በስሙ ጠራሁት፣ የቦይለሩ ጩኸት ዋጠኝ። ውረድ አልኩ፣ በእማዬ አምላክ አልኩ፣ ዞር አላለም። በመጨረሻ ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ "ድንቡሼ!" ብዬ ጮህኩ። ዞረ። ያቺን የልጅነት ስም ከአንቺ ቤት ሌላ የት ሰምቷት ያውቃል? ወርዶ እሳቱን አጠፋው፤ እኔ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ኃላፊው መጀመሪያ ሥራ አስቆምሽብኝ ብሎ ጮኸብኝ። ከሌላ ክፍል ባለ መርፌ መለኪያ አምጥተን ስናሳየው ግን ፊቱ አመድ መሰለ፣ ቫልቩን ማንም እንዳይነካ አለ። "ችግር የለም" ያን ቀን ቃሉን ሳይናገራት ዋለ።

ከዚያ በኋላ ነው ወንድሜ ያኮረፈው። ሠራተኛው በሙሉ ድንቡሼ እያለ ይስቅበታል፣ እኔም ያኮረፈው ለስሙ ብቻ መስሎኝ ስቄበታለሁ። ዛሬ ይህን ስጽፍ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። "ለእማዬ ከጻፍሽ አይቀር ሁሉንም ጻፊ" አለኝ። ለካ ስጠራው ቫልቩን በመፍቻው አንድ ዙር አጥብቆት ነበር። እኔ ሳለቅስ ተመልሶ ወጥቶ ፈታው፣ ለማንም አልተናገረም። እንቅልፍ ያጣው በስሙ አይደለም፣ በዚያች አንድ ዙር ነው።

አባዬን ጉልበቱን ሳሚልኝ፤ ይህን ግን እሱ በሌለበት አስነብቢው። እህቴን ሰላም በይልኝ፣ ስታነብልሽ ድምፅዋ እንዳይቆራረጥ። ትንሿን ልጇን ጉንጯን ንከሽልኝ። ለጎረቤታችን ለልብስ ሰፊዋም ሰላምታዬ ይድረስ፤ ወሬውን ያደረሰችሽ እሷ ናትና ታርቀዋል ብለሽ ንገሪያት።

ለእሱ ደግሞ ደውይለት። ስለ መፍቻው አትጠይቂው። ድንቡሼ ብለሽ ብቻ ጥሪው።

የምትናፍቅሽ ልጅሽ
ከፋብሪካው ጀርባ ካለው ቤታችን
ጥቅምት 19 ቀን