ትሪቡኑን የያዙት ብርድ ልብሶች

ሞላ፣ ክቡር ሊቀመንበር፣ ሞላ! ትሪቡናችን ባለፈው ዓርብ ማታ ጢም ብሎ ሞላ፤ ደረጃው ላይ ሳይቀር ሰው ተቀምጦ ነበር። ይህን ሳልተነፍስ ቀን መጻፍም ሰላምታ መስጠትም ስላልሆነልኝ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ አሁን በወጉ እጀምራለሁ።

ኦገስት 18 ቀን 2025

ለክቡር አቶ ሃርላን ኩዊስት
የሃልቮር አውራጃ የባዛር ሜዳ ቦርድ ሊቀመንበር
ዊስኮንሲን

ጉዳዩ፦ የዓርብ ማታው የመኪና ውድድር እንዳይዘጋ፣ እንዲሁም ትሪቡኑ ላይ ለሚነጠፉ ብርድ ልብሶች ሥርዓት እንዲወጣላቸው አቤቱታ ስለማቅረብ

1. እኔ አመልካች ማርሊስ ቶርግርሰን የአውራጃው ነዋሪና የትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ሠራተኛ ስሆን፣ በውድድር ወቅት ዓርብ ማታን ከመኪና መወዳደሪያው መም ሌላ ቦታ አሳልፌ አላውቅም። ሠርጌ ቅዳሜ የሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው። ልጄ ጆሊን በትናንሽ መኪኖች ምድብ 38 ቁጥርን ትነዳለች። እርስዎም ያውቋታል፤ ጎህ ሳይቀድ የጎረቤትዎን ላሞች የምታልበው ልጅ ናት።

2. ቦርዱ ሐሙስ ኦገስት 28 በሚያደርገው ስብሰባ፣ ውድድሩ ይቀጥል ወይስ ሜዳው የተጎታች ቤቶች ማቆሚያ ይሁን በሚለው ላይ ድምፅ እንደሚሰጥ ሰምተናል። የቀረበው ምክንያት ትሪቡኑ ባዶ ነው የሚል ነው። ከዚህ ቀጥሎ ያለው መም የሦስት ሰዓት መንገድ ነው። ጆሊን ላሞቹን አልባ፣ እዚያ ደርሳ፣ ተወዳድራ፣ ለንጋቱ አለባ ልትመለስ አትችልም። መሙ ከተዘጋ መኪናዋን እንደምትሸጥ ነግራኛለች። ይህን ስትነግረኝ ሳህን እያጠበች ነበር፤ ፊቷን ወደ እኔ አላዞረችም። እንግዲህ የእኔ ነገር ይህ ነው፤ የቀረው ሁሉ ማብራሪያ ነው።

3. ትሪቡኑ ባዶ ነው መባሉ እውነት ነው። ቦታ የለም መባሉም እውነት ነው። ሁለቱ እንዴት አብረው እውነት እንደሚሆኑ ለሌላ አገር ሰው ማስረዳት ያስቸግራል፤ እርስዎ ግን ያውቁታል። ሐሙስ ማታ ብርድ ልብሱን አንጥፎ ጠርዙን በፕላስተር ያጣበቀ ሰው፣ ዓርብ መጣም ቀረም ቦታው የእሱ ነው። በራችንን ሳንቆልፍ የምናድር ሰዎች ነን፤ የሰው ብርድ ልብስ መንካትም ያው ሌብነት ነው። አባት ባነጠፈበት ልጅ ያነጥፋል። የፍሪትሾቹ ቤተሰብ ወደ አሪዞና ከሄደ ስንት ዘመኑ ነው፤ የአጎታቸው ልጅ ግን ሐሙስ ሐሙስ እየመጣ ያነጥፍላቸዋል። ዓርብ ማታ እሱም ቤቱ ቁጭ ብሎ ቴሌቪዥን ያያል።

ታዲያ አዲስ ሰው ሲመጣ ምን ይሁን? ከአይብ ፋብሪካው ወጣት ባልና ሚስት ሕፃናቸውን ይዘው ሲመጡ ደጋግሜ አይቻለሁ። አጥሩ ሥር ይቆማሉ፣ ሁለት ዙር ያያሉ፣ ልጁ ሲከብዳቸው ይሄዳሉ። ለምን አትቀመጡም ብዬ ባልየውን ብጠይቀው፣ “የት እንቀመጥ? ሁሉም ተይዟል” አለኝ። ያን ጊዜ ብርድ ልብሶቹ ላይ ዝንብ እንኳ አልነበረም። የቦርዱ ጸሐፊ ባዶ ብሎ የመዘገበው ያንኑ ትሪቡን ነው።

4. ይህን ነጥብ በታላቅ አክብሮት ነው የምጽፈው። ከአስተዋዋቂው ማማ ሥር፣ መሙ ከዳር እስከ ዳር በሚታይበት ምርጥ ቦታ ላይ፣ ስምንት ሰው የሚያስቀምጥ ሰፊ አረንጓዴ ብርድ ልብስ ይነጠፍ ነበር። የማን እንደሆነ ለመናገር ድፍረቱ የለኝም፤ ጠርዙ ላይ “ኩዊስት” ተብሎ መጠለፉን ግን አስታውሳለሁ። ባለቤቶቹን ካየናቸው ሦስት የውድድር ወቅት አልፏል፤ በጤና ይሆናል ብለን እንጸልያለን።

5. ሳይደግስ አይጣላም እንዲሉ፣ ያለፈው ሐሙስ ማታ አንድ ነገር ሆነ። የአጎራባቹ አውራጃ የሉተራን ቤተ ክርስቲያን ሴቶች ቤታቸው በጎርፍ ለተወሰደባቸው ሰዎች ብርድ ልብስ ያሰባስባሉ። የኛ ሰዎች የሰጡት እርዳታ ባዛር ሜዳው ውስጥ ስለሚጠብቃቸው መጥተው እንዲወስዱ ተነግሯቸዋል። እርዳታው የነበረው የጥጆቹ ጋጣ ውስጥ ነው። እነሱ ግን በበሩ ሲገቡ የተቀበላቸው ትሪቡኑ ነው፤ ከታች እስከ ላይ ብርድ ልብስ በብርድ ልብስ። የእግዚአብሔር ሥራ ነው ብለው ፕላስተሩን እየላጡ፣ እያጠፉ፣ ጭነት መኪናቸው ላይ ጫኑና ሄዱ።

ነገሩን ስሰማ ላስረዳ ብዬ ለመሪያቸው ለወይዘሮ አርዲስ ሎፍግሬን ደወልኩ። እንባዋ ገና አልደረቀም ነበር። “ማርሊስዬ፣ የእናንተ አገር ሰው እንዴት ያለ ቸር ነው! ንፋስ እንዳይወስደው እንኳ አስባችሁ በፕላስተር አጣብቃችሁልናል” አለችኝ። ክቡር ሊቀመንበር፣ እርስዎ ቢሆኑ ምን ይመልሱ ነበር? እኔ “ምንም አይደል” አልኳት። ጭነቱ ያኔ መንገድ ጀምሮ ነበር። አረንጓዴውም አብሮ ሄዷል፤ የእኔ ባለ ቀይ መስመሩም እንደዚሁ።

6. ዓርብ ማታ ሰዉ መጣና ትሪቡኑ ሥር ተገትሮ ቀረ። አባባ ቨርል ሃውገን፣ የፎርድ መኪና ነገር ከተነሳ ከወንድማቸው ጋር እንኳ የማይስማሙት፣ ወጥተው ሲመለሱ ቤታቸው እንደጠፋ ሰው ቆመው ያዩ ነበር።

“ማርሊስ፣ ቦታዬ የታለ?” አሉኝ።

“ዛሬ የተቀመጡበት ነው፣ አባባ።”

“እኔ በሰባ ዓመቴ ቦታ ልፈልግ?”

“ሰባ አራት ነዎት። ቶሎ ይፈልጉ፣ እየሞላ ነው።”

እየተነጫነጩ ወጡና የተገኘው ቦታ ላይ ተቀመጡ፤ የተገኘው ደግሞ ከወይዘሮ ቦኒ ፕሮሃስካ ጎን ሆነ። ቦኒ ከነዘር ማንዘሯ የሼቭሮሌ ሰው ናት። የፎርድ ወገን መሙ በሚታጠፍበት አንደኛው ጥምዝ ጋ፣ የሼቭሮሌ ወገን አራተኛው ጥምዝ ጋ ሆኖ ነው የኖርነው፤ መካከላችን ያሉት ባዶ ብርድ ልብሶች ድንበር ነበሩ። ቦኒ ከላይ እስከ ታች አየቻቸውና፣ “ፎርድ አጠገቤ ሲቆም ዘይት ያንጠባጥብብኛል ብዬ ነው የምፈራው” አለች። “ያንቺ ሼቭሮሌስ መቼ ተነስቶ ያውቅና ነው የሚያንጠባጥበው” አሏት። ሦስተኛው ውድድር ላይ ከአንድ የወረቀት ሳህን የተጠበሰ አይብ ሲበሉ አየኋቸው። ከዚያ በኋላ ያየሁት ይህን አቤቱታ የሚመለከት ስላልሆነ አልጽፈውም፤ በስልክ ከጠየቁኝ ግን እነግርዎታለሁ።

የአይብ ፋብሪካው ባልና ሚስት መሃል ላይ ተቀመጡ። ሚስቲቱ ስልኳን አውጥታ፣ ቦታ አለ ኑ፣ እያለች ለሥራ ባልደረቦቿ ስትደውል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እነሱም ሌላውን ጠሩ። ዋናው ውድድር ሲጀመር ሜዳው ላይ ምግብ የሚሸጡት ዓሣ ጠባሾች ዓሣ ጨርሰው ድንች ብቻ ይሸጡ ነበር።

7. ጆሊን ሦስተኛ ወጣች። አንደኛ እንዳልወጣች አውቃለሁ፤ ቢሆንም ሦስተኛ ነው። ሄልሜቷን አውልቃ ወደ አጥሩ መጣችና፣ “እማዬ፣ ድሮ ሞተሩን ሳጠፋ ጸጥ ነበር የሚለው። ዛሬ ካጠፋሁትም በኋላ ጩኸቱ አልቆመም” አለችኝ። መኪናውስ ትሸጪዋለሽ ወይ ብዬ ጠየቅኳት። “እሱን ቦርዱን ጠይቂ” ብላኝ ጎማ ልትፈታ ሄደች። ስለዚህ እነሆ፣ ቦርዱን እየጠየቅኩ ነው።

8. ከላይ በዘረዘርኩት መሠረት የሚከተለው እንዲፈጸምልን በትሕትና አመለክታለሁ፦

ሀ. የሐሙሱ ድምፅ በማግስቱ ከሚደረገው የዓርብ ውድድር በኋላ እንዲሰጥ። ሙሉ ትሪቡን አይተው የማያውቁ የቦርድ አባላት መጀመሪያ በዓይናቸው እንዲያዩ ነው እንጂ ሌላ ተንኮል የለኝም።

ለ. ብርድ ልብስ አይከልከል፤ እሱ ከቀረማ እኛም እኛ አይደለንም። ነገር ግን ለአንድ ቤተሰብ አንድ ይሁን፣ ከዓርብ ቀትር በፊት አይነጠፍ። የአገሪቱ መዝሙር ተዘምሮ ሲያበቃ ባለቤቱ ካልተገኘ ተጠቅልሎ ከመቀመጫው ሥር ይቀመጥና ለቆመ ሰው ቦታ ይለቀቅ።

ሐ. የሄዱት ብርድ ልብሶች መልሱ እንዳይባሉ። የበረደው ሰው ለብሷቸዋል፤ እኛም ሳንለፋ ቸር ተብለናል፣ ይህን ስም ባናበላሸው ይሻላል። አረንጓዴው በጣም የሚቆጨው ሰው ካለ እኔ በእጄ ሠርቼ እተካለታለሁ፤ ወርዱ ግን የሁለት ሰው ይሆናል።

መ. የመጨረሻው ውድድር ሲያልቅ የመኪኖቹ ማረፊያ በር ለጥቂት ጊዜ ይከፈትና ልጆች መኪኖቹን ይንኩ፣ ሾፌሮቹን ያናግሩ።

ሠ. አራተኛው ጥምዝ ጋ ያለው ድምፅ ማጉያ ማን እንደቀደመ ሲናገር የሚሰማው እንደ ዓሣ መጥበሻ ነው፤ ይጠገን። የሴቶች መጸዳጃ ቤትም አምፖል ይግባለት፤ ይህን አምናም ካቻምናም ጽፌያለሁ።

ነገር ማስረዘሜን እያወቅኩ፣ ቀና ምላሽዎን ከስልኬ ሳልርቅ የምጠብቅ መሆኔን እገልጻለሁ።

ከአክብሮትና ከሞቀ ሰላምታ ጋር

ማርሊስ ቶርግርሰን
(ፊርማ)

ግልባጭ፦
– ለቦርዱ አባላት በሙሉ
– ለወይዘሮ ሻሮን ኩዊስት፣ በመኖሪያ ቤታቸው (አቶ ሃርላን ደብዳቤ መሳቢያ ውስጥ እንደሚረሱ ስለሚታወቅ)

ማሳሰቢያ፦ የኦገስት የመጨረሻው ዓርብ ውድድር የወቅቱ መዝጊያ ይሁን የመሙ መጨረሻ፣ እሱ በእናንተ እጅ ነው። እኛ ግን ድግሱን ጀምረናል። አባባ ቨርልና ቦኒ ዓሣ ይጠብሳሉ፣ በአንድ ምጣድ፤ ጆሊንም 38ን በአዲስ ቀለም እየቀባች ነው። እርስዎ፣ ወይዘሮ ሻሮን፣ የቦርዱ አባላት ከነልጆቻችሁ፣ አርዲስና የቤተ ክርስቲያኗ ሴቶች፣ ትሪቡኑን ባዶ ነው ያለውም ሞልቷል ያለውም፣ አንድ ሰው ሳይቀር ትመጣላችሁ፦ ዓርብ፣ ኦገስት 29፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት።