በሁለቱ ሞገዶች መካከል

ልጄ፣ ፈጣሪ ይጠብቅህ። ተቀይሜህም ቢሆን ምርቃቱን አልነፍግህም።

መሬቱ በተንቀጠቀጠ ማግስት የላክኸው መልእክት ደርሶኛል። «መጀመሪያ ከሥር ገፋችሁ ወይስ ወደ ጎን ወዘወዛችሁ? ለጥናቴ ነው» ትላለህ። አይ የተማረ ልጅ! እኔ ሞኟ አባቱን ጠየቀ ብዬ መነጽሬን ፍለጋ ቤቱን ሳተራምስ!

እንግዲህ ስማ። መጀመሪያ ያ ፈጣኑ ያልከኝ የመንቀጥቀጡ ሞገድ ከሥር ጎሸም አደረገን፤ ብርጭቆዎቹ ተንጫጩ። አጥፊው ሁለተኛው ሞገድ ዘግይቶ ይመጣል ያልከኝን አስታውሼ፣ እግሩ አልታዘዝ ያለውን አባትህን ከአልጋ ጎትቼ ጠረጴዛ ሥር ከተትኩት። ወዲያው ቤቱ ግራ ቀኝ ተወዛወዘ፤ ቁም ሳጥኑም ትራሱ ላይ ተገነደሰ። ትምህርትህ አባትህን አድኖታል። አንተ ግን መዳኑን እስከ ዛሬ አልጠየቅክም።

ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችን እንኳ፣ ተኳርፈን ሳለን፣ መርፌዋን ደረቷ ላይ እንደሰካች «ተርፋችኋል?» እያለች እየሮጠች መጣች።

ባለህበት መሬቱ ይጽናልህ። ለአባትህ ደውልለት፤ እኔን ግን ወደ ስልኩ አታስጠራኝ።

በፈጣኑና በዘገምተኛው ሞገድ መካከል ያለው ጊዜ በረዘመ ቁጥር መነሻው ሩቅ ነው ብለኸኝ ነበር። መንቀጥቀጡ ከደረሰን ሰንብቷል፤ ያንተ «እንዴት ናችሁ» ግን ገና አልደረሰም። ምን ያህል እንደራቅክ አንተው አስላው።

እናትህ