ወደ ጓሮዬ ለሚከፈተው መስኮት ምን እንደሚሻል

ይድረስ ለተከበሩት የቀበሌያችን ሊቀ መንበር ለጓድ አዛናው
ወረታ፣ ሐምሌ ፲፱፻፸፰ ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ዝናቡም ስብሰባውም ድምፅዎን ሳያደክመው እንደ በረታ ይቆይልን። እኔ የአገኘሁ እናት እማዋይሽ ነኝ። አብዮቱ በማታ ትምህርት ፊደል ስላስቆጠረኝ ምስጋናዬ ብዙ ነው፤ ባያስቆጥረኝ ኖሮ ይህ ደብዳቤ አይደርስዎትም ነበር።

ባለፈው እሑድ በሕዝብ ፊት፣ «እናቴ፣ ቤቱ የእርስዎ ነውና ለዘፈን መቅረጫው ክፍል መስኮት ምን ይሻላል ይላሉ?» ብለው ጠየቁኝ። ክፍሉን ሲወስዱ ሳይጠይቁኝ ቀርተው ስለ መስኮቱ ስለ ጠየቁኝ እጅግ ተከብሬያለሁ። ንግግር ስለማልችል መልሴን እነሆ ቀስ ብዬ ጻፍሁት።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ፣ እንዲህ ነው። ልጄ አገኘሁ ብሔራዊ ውትድርና ሄደ። ጓድ ሊቀ መንበርም ባዶውን ክፍሉን ወስደው፣ ቴፕ አስገብተው፣ የቀበሌውን ኪነት ይቀርጹበት ጀመር። በየካቲት አንድ የልጄ ጓደኛ ቆስሎ ተመለሰና የአገኘሁን መሞት፣ በእጁም እንደ ቀበረው ነገረኝ። ስሙን አልጽፍም፤ እርስዎ ስም መመዝገብ ይወዳሉ። እርስዎ ግን «ከበላይ ወረቀት ሳይመጣ የሞተ ሰው የለም፤ ለቅሶ መቀመጥም ክልክል ነው» አሉኝ። ስለዚህ ጓሮ ተቀምጬ ብቻዬን አለቅሳለሁ። የክፍሉ መስኮት ደግሞ ወደ ጓሮ ይከፈታል። ጥፋቱ ቤቱን የሠራው የባለቤቴ ነው፤ ነፍሱን ይማረውና አብዮት እንደሚመጣ አላወቀም ነበር።

ለሜይ ዴይ የተቀረጸው ካሴት አውራጃ ላይ ሲሰማ፣ ከሰልፉ ዘፈን በስተኋላ የእኔ ሙሾ ገብቶ ተገኘ። የአውራጃው ካድሬም «ይህች ከኋላ የምትቀበለው ጓድ ልብ ትነካለች፤ ለአብዮት በዓል ትምጣ» ብሎ ላከብዎት። የመስኮት ጭንቀት የያዘዎት ከዚያ ወዲህ ነው። እስካሁን የሞከሩትን በቅደም ተከተል እጠቅሳለሁ።

፩ኛ፣ የሩዝ ጭድ። በጆንያ አጭቀው መስኮቱን ደፈኑበት። ሣር ባለቀበት በግንቦት፣ ከብት በሞላበት ፎገራ ጭድ ደጅ አድሮ ይተርፋል ያለውን አማካሪዎን ባውቀው ደስ ይለኝ ነበር። የጎረቤቴ የሸዋነሽ ላም ጆንያውን ቀዳድዳ ጭዱን ጨረሰችና፣ ዘፋኞቹ «ወደፊት!» ሲሉ ራሷን አስገብታ እምቧ አለች። እርስዎም ላሚቱን «ዝም በይ፣ ቀረጻ ላይ ነን!» ሲሏት ጓሮ ሆኜ ሰማሁ። ከየካቲት ወዲህ የሳቅሁት ያን ቀን ብቻ ነውና እግዜር ይስጥልኝ።

፪ኛ፣ ቆርቆሮ። ይህን የመረጡት ክረምቱ ሲገባ ነው። ካሴቱ ላይ የሚሰማው ዝናቡ ብቻ ስለሆነ፣ ዝናብ ለሚጠብቅ ገበሬ ማኅበር በስጦታ ቢልኩት ይጠቅማል።

፫ኛ፣ እርጥብ ቁርበት። ዘፋኞቹ አፍንጫቸውን ይዘው ዘፈኑ። በአፍንጫ የተዘፈነ «እናሸንፋለን» ጠላትን ማስደንገጡን እንጃ።

፬ኛ፣ ገና ያልተገዛው መስታወት። ከባሕር ዳር ያስመጡት ባለሙያ፣ ሁለት መስታወት ተደርቦ በመካከሉ ባዶ ቦታ ከተተወ ድምፅ አያልፍም ብሏል። አላበለም ይሆናል። ግን ድምፄ ባያልፍም ፊቴ ያልፋል። ዘፋኞቹ የአገኘሁ እኩዮች ናቸው፤ እኔን እያዩ እንዴት እንደሚዘፍኑ ይታሰብበት።

እንግዲህ ምክሬን ከፈለጉ፣ ለመስኮቱ የሚሻለው መርዶ ነው። አንድ ቀን ሳይነጋ ሽማግሎችንና ቄሱን ይዘው ደጄን ያንኳኩና፣ «አገኘሁ ሞቷል» ይበሉኝ። እድሩ ድንኳኑን ይትከል፤ እኔም ልብሱን አውጥቼ በሰው መካከል ላልቅስ። አሁን ጎረቤቴ ሁሉ እያወቀ፣ እርስዎን ፈርቶ «አገኘሁ ደህና ነው?» ይለኛል። እኔም «ደህና ነው» እላለሁ። ጓሮ የምሄደው ይህን ቃል ተናግሬ ስመለስ ነው። ልጄን እንደ ሰው ልጅ ካለቀስሁለት ጓሮ የሚወስደኝ ነገር የለም፤ መስኮቱን ወለል አድርገው ከፍተው ይቅረጹ።

በሰው ቤት መስኮት ለሚደክሙት ለእርስዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለዘፋኞችዎም ንጹሕ አየር እየተመኘሁ፣ ደጄ እስኪንኳኳ ድረስ በጓሮዬ የምገኝ፣

እማዋይሽ
ወረቀት ያልመጣለት የሟቹ የአገኘሁ እናት

ግልባጭ፦
ለእድራችን ዳኛ
ማንበብ ለሚችል ገበያተኛ ሁሉ
ለማይችለውም፣ የሚያነብለት ካገኘ

ማስታወሻ፦ ልጅዎ አበረ «ለኪነቱ ከበሮ መቺ ያስፈልጋል» ተብሎ ከውትድርና መቅረቱን ስሰማ ከልቤ ደስ ብሎኛል፤ የእናቱንም ለቅሶ አልመኝም። ነገር ግን በእሱ ተራ የሄደው የእኔ ልጅ ነውና፣ እባክዎ ቢያንስ ምቱን እንዳይስት ይምከሩት።