የተሠራው ጥናት ለሁሉም ይነበብ ብለው የደከሙት እትዬ

ታናሽ ታላቅ ሳይል ሁሉም «እትዬ» የሚላቸው የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ፣ ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው በ1948 ዓ.ም. በአንዲት የባቡር ጣቢያ ከተማ ተወለዱ። የቤቱ የበኩር ልጅ ነበሩና ታናናሾቻቸውን አዝለው ነው ፊደል የቆጠሩት።

በ1970 ዓ.ም. ከዩኒቨርሲቲ ተመርቀው እዚያው ቤተ መጻሕፍት ተቀጠሩ። በ1974 ዓ.ም. ከሒሳብ መምህሩ ባለቤታቸው ጋር ትዳር መሥርተው ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ አፈሩ። ባለቤታቸው ዝምተኛ ስለሆኑ የሁለቱንም ድርሻ እትዬ ያወሩት ነበር።

በ1996 ዓ.ም. አንዲት የጤና ጣቢያ ነርስ ስለ አራስ ሕፃናት ትኩሳት የተሠራ ጥናት ፍለጋ ወደ እሳቸው መጣች። ጥናቱ የተሠራው ነርሷ በገዛ እጇ በወሰደችው ናሙና ነበር፤ የታተመው ግን ቤተ መጻሕፍቱ ሊገዛው አቅሙ በማይፈቅድለት የውጭ መጽሔት ላይ ነው። ነርሷ ባዶ እጇን ተመለሰች። እትዬን ይህ ከነከናቸው። በሕዝብ ገንዘብ የተሠራ ምርምር ሁሉ በነፃ እንዲነበብ የሚያዝዝ ብሔራዊ ስትራቴጂ እንዲወጣ ደጅ ይጠኑ ጀመር፤ በኋላም የአርቃቂው ኮሚቴ ጸሐፊ ሆኑ። ኃላፊ በተቀየረ ቁጥር ረቂቁ «እንደገና ይታይ» እየተባለ ይመለስ ነበር። የኮሚቴው ሰብሳቢ አዛውንት ፕሮፌሰርም የገዛ ጥናቶቻቸው በነፃ መሰጠታቸው አስግቷቸው «ልፋቴን ሜዳ ላይ ልበትነው ነው?» ብለው ተቆጡ።

እትዬ «ኧረ ጋሼ፣ ይነበብልዎታል እንጂ አይወሰድብዎትም! የፈለጉት መጽሔት ላይ ያሳትሙ፤ ለአገር የጥናት ማከማቻ ግን አንድ ቅጂ ይስጡን» ቢሏቸው ተሰብሳቢው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። ይህችው ሐሳብ አንቀጽ ሆና ገባች፤ ፕሮፌሰሩም ዋና ደጋፊ ሆኑ።

በ2008 ዓ.ም. ጡረታ ወጥተውም ከኮሚቴው አልቀሩም። በ2014 ዓ.ም. የኩላሊት ሕመም ሲጥላቸው ግን ረቂቁ ገና አልጸደቀም ነበር። «ዳር ሳይደርስ ልሄድ ነው» እያሉ ይብሰለሰሉ ነበር። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ሆስፒታል ተኝተው ሳሉ፣ ፕሮፌሰሩ ከዘራቸውን ይዘው ደረጃውን እያለከለኩ ወጡና ከበሩ ላይ «እትዬ፣ ጸደቀ!» አሉ። እትዬ አንሶላውን ፊታቸው ላይ ስበው አለቀሱ። ቀና ሲሉም «እፎይ! ተገላገልኩ» ብለው ለቀናት እምቢ ያሉትን ሾርባ ጨለጡት።

ከዚያ በኋላ የነበራቸው ጊዜ የዕረፍት ነበር። ጠዋት ጠዋት በልጃቸው ስልክ የበይነ መረብ ማከማቻውን አስከፍተው «ዛሬ ደግሞ ምን ገባ?» ይሉ ነበር። ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም. ረፋድ ላይ፣ ቤታቸው፣ ልጆቻቸው በተሰበሰቡበት ሳይሠቃዩ አረፉ።

ባለቤታቸው፣ ሦስት ልጆቻቸው፣ የልጅ ልጆቻቸውና እኛ ያዘሉን ታናናሾቻቸው እናለቅሳለን፤ ቁጭት ግን የለብንም፤ የለፉበትን አይተው ሄደዋል። ፈጣሪ የደከመች ነፍሳቸውን በሰላም ይቀበልልን፤ የዛሬውን እንባችንንም ቶሎ ያብስልን።