ኮምፒውተር የሆንኩ ቀን

ሚልካዬ፣ የኔ ዓለም፣ የጌታ ሰላም ከደጅሽ አይራቅ፤ ከክፉ ሁሉ ይሰውርሽ። እኛ ደህና ነን። አባትሽ ከመቂ ሽንኩርት ጭኖ መጥቶ መግቢያ መውጫ አሳጥቶናል።

እኔ ደግሞ በዚህ ዕድሜዬ ሦስተኛ ክፍልን ኮምፒውተር አስተምሪ ተብያለሁ። ትናንት ገና ልጀምር ስል መብራት ጠፋ። ምን ላድርግ? «ዛሬ ኮምፒውተሩ እኔ ነኝ። ኮምፒውተር የታዘዘውን ብቻ ነው የሚያደርገው፤ በሉ እዘዙኝ» አልኳቸው። አንዱ ሌላውን በክርኑ ይገፋል እንጂ የሚደፍር የለም። ለካ ትልቅ ሰው ማዘዝ ነውር ነው ብለን ያሳደግናቸው እኛው ነን! በመጨረሻ ፎዚያ የምትባል ተማሪዬ አንገቷን ደፍታ፣ «ቲቸር፣ እግርዎን ያምዎታል፤ ይቀመጡ» አለችኝ። ተቀመጥኩ። ይነሱ የሚለኝ ጠፍቶ እስኪደወል እዚያው ቀረሁ። ሲስቁ ብታዪ! ትምህርቱም በዚያው ገባቸው።

ጉልበቴን እንደሚያመኝ፣ እንዳትጨነቂ ብዬ፣ ደብቄሽ ነበር፤ ይኸው አመለጠኝ። አንቺስ የደበቅሽኝ የለም? ምግብሽን በሰዓቱ ብዪ።

ጌታ የእጅሽን ሥራ ይባርክ፤ በሄድሽበት ደግ ሰው ይስጥሽ። ለዚህ እሁድ አዝዤሻለሁ፤ በቪዲዮ ደውዪና ፊትሽን ልየው። የሚቀጥለውን ግን እስካዝሽ አትጠብቂ፤ አንቺ ኮምፒውተር አይደለሽም።

እናትሽ ጉዲቱ