ኔቪል ጡረታ አልወጣም

ጁን 2፣ ሰኞ
ብርድ። የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ብቻ ይሞቃል... ደግነቱ የምሠራው እዚያ ነው። ከእራት በፊት የሁለታችንን የጡረታ ቁጠባ ወረቀት ጎን ለጎን አየሁት። የኔ ደህና ነው። የባሌ ግን ያሳዝናል። ትልቋ ልጃችን ከተወለደችበት ከ1989 ጀምሮ ቤት ውሎ ሦስት ልጆች አሳደገ፣ እናቴን አስታመመ። ለዚያ ሁሉ ማን ቆጠበለት? ማንም።

ጁን 4
ዓምና አሠሪዬ ካስገባልኝ ቁጠባ ላይ ለባል ማካፈል ይቻላል አሉኝ የቁጠባ ድርጅቱ ሰዎች። እስከ ጁን 30 ብቻ። ቅጹን አመጣሁ።
"ያንቺ ላብ ነው፤ እኔ ምን ቤት ነኝ?"
"ባሌ ነሃ!"
ሳቀ። ግን አልፈረመም።

ጁን 11
ፈረመ! ሳላነብ ሮጬ አስገባሁት... ሐሳቡን ሳይለውጥ።

ጁን 19
ቅጹ ተመለሰ። "ባለቤትዎ ጡረታ ወጥቻለሁ ብለው ሞልተዋል። ጡረታ ለወጣ አይካፈልም" አለችኝ የቁጠባ ድርጅቱ ሠራተኛ በስልክ።
ጮህኩበት። "አንተ ሰው! ጠዋትና ከሰዓት ትምህርት ቤቱ ጋ 'ቁም' የሚል ምልክት ይዘህ ልጆች የምታሻግረውስ? ደሞዝ ይከፍሉህ የለም እንዴ?"
"እሱማ ሥራ አይደለም፣ ግሌኒስ። ደስ ይለኛል።"
"ልጆቻችንን ማሳደጉስ?"
"እሱም ደስ ይለኝ ነበር።"
ነገ ሌላ ቅጽ አመጣለሁ።

ጁን 24
አዲሱ ቅጽ ጠረጴዛው ላይ ነው። ብዕሩም ከላዩ። አልነካውም። "ውሸት አልፈርምም" ይላል። ስድስት ቀን ቀረ...

ጁን 27፣ ዓርብ
ወደ ሥራ ስነዳ ትምህርት ቤቱ ጋ ምልክቱን አንስቶ አስቆመኝ። የሚሻገር ልጅ የለም! እየተንጎራደደ መጥቶ በመስኮት ወረቀት አቀበለኝ።
"ኔቪል! ከኋላዬ ሰው ቆሟል!"
"ይጠብቁ። ሥራ ላይ ነኝ።"
ተፈርሟል። "ጡረታ ወጥተዋል?" ለሚለው "አልወጣሁም" ብሏል። ከኋላ ክላክስ በክላክስ... እኔ በሳቅ ፍርስ። ምሳ ሰዓት ላይ ራሴ ወስጄ አስገባሁት።

ጁላይ 24
ደብዳቤ መጣ፣ በሱ ስም። ገብቶለታል! ድሮ የልጆቹን ሥዕል ይለጥፍበት የነበረው የፍሪጅ በር ላይ ለጠፈው። ደስታዬን የት ላድርገው?
ከሰዓት ሣር ላይ ኳስ የሚያንከባልሉበትን የቦውሊንግ ክበቡን አባልነት ሲያድስ በትከሻው በኩል አየሁ። "ሥራ" የሚለው ቦታ ላይ በየዓመቱ ሰረዝ ነበር የሚያደርገው። ዛሬ ጻፈበት፦ "ልጆች ማሻገር። ከ1989 ጀምሮ።"