ባለ ጭኮው መምህር

ጌትዬ፣ የቤቴ ሰው፤

እንደምን አለህ ብዬ ብጠይቅህ መልስ እንደማላገኝ አውቃለሁ። በሕይወት እያለህም ጋዜጣ ከያዝክ መልስ አትሰጥም ነበርና ለምጄዋለሁ፤ ዝም ብዬ አወራሃለሁ። ከተለየኸኝ ሁለት ዓመት አለፈ። ስንዴው ሁለቴ ታጨደ፣ ሦስተኛው ይኸው ከኢተያ ጀምሮ እስከ ሰፈራችን ጫፍ ቢጫ ሆኖ ኮምባይነር ይጠብቃል። የመጀመሪያው ዓመት ክፉ ነበር፤ እሱን አልተርክልህም፣ እንዳየኸው ይሰማኛል። ዛሬ የምጽፍልህ ግን ደስ ብሎኝ ነው። ደስታ ሲመጣ ቀድሞ የሚነገረው ላንተ አልነበር? ልማዱ አልለቀቀኝም።

ቤቱን ብታየው ትገረማለህ። አንተ ነገ ነገ እያልክ ዘመን የፈጀህበትን የሚያፈሰውን ቆርቆሮ አስቀየርኩት። ልጃችን ሰብለ ከነልጇ ከእኔ ጋር ትኖራለች። አንተ ስትሄድ ድክ ድክ ትል የነበረችው ሄርሜላ አሁን ምላሷ አያርፍም። ዶሮዎቹን እየደወልክ የምታበላበትን የእጅ ደወል አግኝታ ቀኑን ሙሉ ያለ እህል ስትደውለው ትውላለች። ዶሮዎቹ መጀመሪያ እየሮጡ ይመጡ ነበር፤ አሁን ዘወር ብለውም አያዩዋት። ስንት ጊዜ የደከምክበትን ትምህርት በአንድ ሳምንት አጠፋችብህ። ባለፈው ደግሞ ወተቷን ከሰፊው ኩባያ ወደ ረጅሙ ብርጭቆ ብገለብጥላት በዛልኝ ብላ ጨፈረች። አንተ ብትኖር ቡና እንደበዛበት ሰው ቤቱን ሁሉ ትዞርበት ነበር፤ ባለ ብርጭቆው ልክ ነው፣ ባለ ብርጭቆው ልክ ነው እያልክ፤ ማለቴ ያ የሕፃናት ሊቅህ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ስትጨቀጭቀኝ የኖርከውን ዲግሪ ጀመርኩ። በማስተምርበት መዋዕለ ሕፃናት ከልጆቼ ጋር ለመቆየት የግድ ሆነብኝ፤ ያለ ዲግሪ ክፍሌን ለሌላ ልለቅ ነው። ቅዳሜና እሁድ ደብተሬን በፌስታል ይዤ አንተ ወዳስተማርክበት ኮሌጅ እሄዳለሁ። የመጀመሪያው ኮርስ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? የሳይኮሎጂ መግቢያ። ሰብለ ስትሰማ በሳቅ ሞተች። እኔም ልቤ ሞላ፤ እራት በበላን ቁጥር ስሰማው የኖርኩትን ነገር ማን ይጥለኛል አልኩ።

ግን የምሰማው ባንተ ቋንቋ ነበር፣ ጌትዬ። ከዲክሲስና ከሮቤ የሚመጡት ተማሪዎችህ የፈረንጆቹን ስም ሲያዩ ስለሚደነግጡ፣ ለሁሉም ቅጽል ስም አወጣህላቸው። ውሻ እያስራበ ደወል የሚደውለው ሩሲያዊ ባለ ደወሉ፤ ለኦሮምኛ ተናጋሪዎቹ ደግሞ አባ ቢልቢላ። በሽተኛውን አጋድሞ ሕልሙን የሚጠይቀው የቪየናው ሐኪም ባለ ሶፋው። አይጥና እርግብ ሳጥን ውስጥ ከትቶ በሽልማት የሚያስተምረው አሜሪካዊ ባለ ሳጥኑ። ሰው መጀመሪያ ይብላ፣ ከዚያ ይጠለል፣ ከዚያ ይወደድ እያለ ወደ ላይ የሚቆጥረው ባለ መሰላሉ። ወተት ረጅም ብርጭቆ ውስጥ ሲገባ ሕፃን በዛ ይላል የሚለው የሕፃናቱ አዋቂ፣ ስዊዘርላንዳዊው፣ ያው ባለ ብርጭቆው። ምሳሌውም ከዚሁ ነበር። ባሕር ላይ የሚንሳፈፍ የበረዶ ተራራ ያየ ከመካከላችሁ ማን አለ ብለህ፣ ጉም በወረደ ቀን በመስኮት የጭላሎን ተራራ ታሳያቸው ነበር፤ የምታዩት እግሩን ብቻ ነው፣ የሰው ልብም እንዲሁ ነው እያልክ።

መምህራችን ዮናስ የሚባል ከጎጃም የመጣ ወጣት ነው። ጨዋ ነው፣ ግን ጥብቅ፤ ሲያስተምር ሰሌዳውን እንጂ ፊታችንን አያይም። የአጋማሹ ፈተና መጣ። ሦስት ሊቃውንት መርጣችሁ ሐሳባቸውን በምሳሌ አስረዱ ይላል። ብዕሬን አነሳሁ፣ ሐሳቡ ሁሉ እንደ ውሃ ይወርዳል፤ ስማቸው ግን አንድም ጠብ አላለልኝም። ሰዓቱ ሲገፋ ጊዜ ምን ላድርግ፣ ባለ ደወሉ ብዬ ጻፍኩት። ባለ ሳጥኑ፣ ባለ ብርጭቆው ብዬ ጨረስኩት። ስወጣ ራሴን ታዘብኩት፤ ቢሆንም ሐሳቡ ልክ ነው፣ ግማሹን ማርክ ይሰጠኛል ብዬ ተጽናናሁ።

በቀጣዩ ቅዳሜ መምህር ዮናስ የተወሰኑ ወረቀቶችን ለብቻ ነጥሎ ይዞ ገባ። ፊቱ ጠቁሯል። ክፍሉ ውስጥ ኩረጃ ተፈጽሟል አለ። እንዲህ ያለ ስም በየትኛውም መጽሐፍ የለም፣ ታዲያ እነዚህ ሰዎች ሁሉ አንድ ዓይነት ስም ከየት አመጡት ብሎ ጠየቀ። ፈተናቸው እንደሚሰረዝ፣ ጉዳዩም ወደ ዲፓርትመንቱ እንደሚሄድ ነገረን። ከዚያ ያንዱን ወረቀት አንስቶ ማንበብ ጀመረ። ባለ ደወሉ አለ። ባለ ሶፋው አለ። በሌላው ላይ አባ ቢልቢላ አለ።

ጌትዬ፣ ምን እንደሆንኩ ልንገርህ። ልፈራ ሲገባኝ ደስ አለኝ። ያነበበው ወረቀት የእኔ አልነበረም። ያንተ ቃል፣ ካንተ በኋላ ከእኛ ማዕድ ውጪ የሌለ ሲመስለኝ የኖረው ቃልህ፣ አንተን አይቶህ በማያውቅ ሰው አፍ ይጠራል። ዞር ብዬ ባይ ከዲክሲስ የመጣው ከድር አንገቱን ደፍቷል፣ የሮቤዋ ወርቄ ዓይኗ እንባ ሞልቷል። ሁለቱም ጠና ያሉ መምህራን ናቸው። አብረን መማር ከጀመርን ጥቂት ሳምንታት ነውና ከሰላምታ አልፈን አንተዋወቅም ነበር። ዲፕሎማቸውን ሲይዙ ማን እንዳስተማራቸው ያን ጊዜ ገባኝ።

እጄን ሳላወጣ ብድግ አልኩ። «መምህር፣ አልተኮራረጅንም። ያስተማረን አንድ ሰው ነው፤ ባሌ ነበር» አልኩት።

ወርቄ የጋሽ ጌታነህ ባለቤት ነሽ እንዴ ብላ አፏን ያዘች። መምህር ዮናስ ግን በቃል ብቻ የሚያምን ሰው አይደለም፤ ልክም ነው። በሉ አንድ በአንድ ቢሮዬ እየገባችሁ ያለ ወረቀት አስረዱኝ፣ የጨረሰ ገና ካልገባ ሰው ጋር አይገናኝም አለን። መጀመሪያ የገባሁት እኔ ነኝ። ስለ ባለ ደወሉ ሲጠይቀኝ የሮቤውን የጋሪ ፈረስ ነገርኩት፤ ወፍጮ ቤት ደጅ ፉርሽካ ስለለመደ፣ የወፍጮውን ድምፅ ከሩቅ ሲሰማ ምራቁ የሚዝረከረከውን። ባለ ሳጥኑ ጋ ስንደርስ ስለ እርግቦቹ አወራሁ። የተሻለ ምሳሌ ነበረኝ፤ አፈርኩና ዋጥኩት።

የትኛውን እንደሆነ አታውቅም። አታውቅም ብዬ ነው የኖርኩት። በተጋባን ሰሞን ከጓደኞችህ ጋር ዳማ ስትጫወት ታመሽ አልነበር? አልተጣላሁህም። መጽሐፍህን ገልጬ የባለ ሳጥኑን ምዕራፍ አነበብኩ። ከዚያ ወዲያ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ከመጣህ በንጥር ቅቤ የታሸ የገብስ ጭኮ፣ ካመሸህ ደረቅ ቆሎ። ክረምቱ ሳይወጣ ዳማውን ተውከው። ተማሪዎችህን ስለ እርግብ ስታስተምር ቤትህ ውስጥ ማን ማንን እንደሚያስተምር ባለማወቅህ ለብቻዬ ስንት ዓመት ሳቅሁብህ መሰለህ።

የመጨረሻው ተማሪ ገብቶ ከወጣ በኋላ ኮሪደሩ ላይ ቆመን ስንጠብቅ መምህር ዮናስ በሩን ከፈተ። ሲስቅ አይቼው አላውቅም ነበር። «እትዬ ዓለምነሽ፣ ጭኮዋን የሚሠሯት እርስዎ ነዎት ማለት ነው?» አለኝ።

ለካ ሁሉም ባለ ሳጥኑን ሲያስረዱ ያንኑ ምሳሌ ሰጥተዋል። ለካ በየዓመቱ ለየክፍሉ ስታወራው ኖረሃል። ሚስቴ በጭኮ አለማምዳኛለች፣ እንዳወቅሁባት ካወቀች ግን ጭኮው ይቀርብኛልና አደራ እንዳትነግሩብኝ ትላቸው ነበር አሉ። አደራህን አልበሉም፤ ያን ሁሉ ዘመን አንድ ሰው ትንፍሽ አላለም። አንተ ሰው፣ እኔ ባንተ ስስቅ አንተ በእኔ ስትስቅ፣ ከሁለታችን የባሰው ሞኝ ማን ነው? ኮሪደሩ ላይ እንደ ልጅ እስኪያመኝ ሳቅሁ። ከሄድክ ወዲህ እንዲያ ስቄ አላውቅም።

ፈተናው አልተሰረዘም። ማርካችንን መለሰልን፤ በማጠቃለያው ግን ትክክለኛውን ስም ካልጻፋችሁ አልምራችሁም አለ። ከድርና ወርቄ እኛ ቤት እየመጡ ያንተ ወንበር ዙሪያ ተቀምጠን ስም ሸመደድን፤ ሄርሜላ እንኳ ባለ ሶፋውን በሙሉ ስሙ ትጠራዋለች። ባለፈው ቅዳሜ ውጤት ወጣ። አለፍኩ፣ ጌትዬ። ሁላችንም አለፍን። ትምህርቱን እየቀጠልኩ ነውና በሚቀጥለው መስከረም ክፍሌ ውስጥ ከልጆቼ ጋር ነኝ።

መምህር ዮናስም ለሌሎች ተማሪዎቹ ባለ ደወሉ እያለ ያስተምራል ሲሉ ሰማሁ። አንተንም ያነሳሃል፤ ስምህ ባለ ጭኮው ሆኗል። ማርካችንን የመለሰልን ሰሞን አንድ ሳህን ጭኮ ሠርቼ ወስጄለት ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ክፍል ቀድሞን ይገባ ነበር። ይኼንን ለማንም አልተናገርኩም።

አንድ ነገር ቀርቶኛል። ውጤት የወጣ ዕለት ከድር ወደ ዲክሲስ ሚኒባስ ሊሳፈር ሲል ተመልሶ መጣ። ለመምህሩ ያልነገርኩት አለ አለኝ። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ፣ ሚስትዎ ጭኮውን ቢተዉትስ ብሎ ጠይቆህ ነበር። መጽሐፉ ሽልማት ከቀረ ልማዱ ቀስ እያለ ይጠፋል ይላል። አንተ ግን ጠመኔውን አስቀምጠህ፣ «ቢቀርም በአስራ አንድ ሰዓት ቤቴ ነኝ። ይኼን ፈተና ላይ እንዳትጽፉት» አልካቸው።

እኔም ፈተና ላይ አልጻፍኩትም፤ የምጽፈው ላንተ ብቻ ነው። የሊቃውንቱ ስም ከወዲሁ ከራሴ እየበነነ ነው፤ ለፈተና የተጠና ነገር እንዲሁ ነው። አንተን ግን አጥንቼህ አላውቅም። ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም አልመጣም፣ በአስራ አንድ ሰዓት ግን በሩን አያለሁ፤ ነገም አየዋለሁ። ባለ ሳጥኑ የፈለገውን ይበል።

ነፍስህ በሰላም ትረፍልኝ።

ዓለምህ